ብርቱካናማ ስፖንጅ

አይሰሙም፣ እንዴት አድርገው ይሰማሉ፣ ሁለቱም ጆሯቸው ላይ ስፖንጅ ተደፍኖ፣ ብርቱካናማ ስፖንጅ፣ እኔው ራሴ ከቦሌ ሚካኤል ገዝቼ ያመጣሁት፣ ደግሞስ ሬዲዮው ይጮህ አልነበር፣ ይጮህ ነበር እንጂ፣ አይ፣ አይጮህም ነበር፣ መጀመሪያ ሬዲዮውን ዘጋሁ፣ ከዚያ ነው የተናገርኩት፣ ተወው እሱን፣ ስፖንጁ ግን ነበረ፣ ስፖንጅ ካለ ድምፅ አይገባም፣ አልሰሙም። በቃ።

እሑድ ነው፣ ምሳ ከተበላ ቆይቷል፣ አባቴ መስኮቱ ሥር ዱካ ላይ ተቀምጠዋል፣ ጋቢያቸው ትከሻቸው ላይ፣ ከዘራቸው በጉልበታቸው መሀል፣ ሬዲዮዋ ጭናቸው ላይ፣ ከሬዲዮዋ የወጣው ሽቦ ደረታቸውን ተሻግሮ ጆሯቸው ድረስ። እኔ ፊት ለፊታቸው አልጋው ጠርዝ ላይ ጋዜጣ ይዣለሁ፣ አላነብም፣ ስለ ስንዴ ምርት የሚያወራውን አንዱን ዓረፍተ ነገር እያመላለስኩ የማየው ጆሯቸውን ነው። ሰምተውኝ ይሆን? ካለፈው እሑድ ጀምሮ ሌላ ሐሳብ የለኝም፣ እበላለሁ ሰምተውኝ ይሆን፣ አውቶቡስ እሳፈራለሁ ሰምተውኝ ይሆን። ዓይናቸው ላይ እንዳላነብ ዓይናቸው በሞራ ነጥቷል፣ ለሱ ሕክምና ነው ከአጋሜ እዚህ ድረስ የመጡት፣ የነጣ ዓይን ይታዘብ ይማር ይርገም አይለይም።

አቦይ። አቦይ ገብረትንሣኤ። በልቤ ስጠራቸው እንዴት ይቀለኛል፣ በአፌ ግን ካለፈው እሑድ ወዲህ አንዴም አልጠራኋቸው፣ ይብሉ እላለሁ፣ ይተኙ እላለሁ፣ ውሃ ላምጣ እላለሁ፣ አቦይ የምትለዋን፣ በትግርኛ አባቴ የምትለዋን፣ ከፊት ቆርጬ፣ እንደ ሆቴል አሳላፊ። ይሄ ሳይታወቃቸው ይቀራል? አይቀርም፣ ግን ሥራ በዝቶበት ነው ይሉ ይሆናል፣ ይበሉ።

ማዳመጫው ርካሽ ዕቃ ነው። ርካሽነቱን ሳላውቅ አልገዛሁትም፣ እሱም አንድ ነገር ነው፣ ቦሌ ሚካኤል ጓሮ ከኤርፖርት የሚወጣ ዕቃ የሚሸጠው እሸቴ ሁለት ዓይነት አቀረበልኝ፣ አንዱ ጥቁር ወፍራም፣ ጆሮን እንዳለ የሚውጥ፣ ሌላው ይሄ፣ የብረት ቅጠል የመሰለ ዘንግ ጫፍና ጫፉ ላይ ስፖንጅ። ለማን ነው ጋሼ፣ አለኝ። ለአባቴ አልኩት፣ አዎ፣ በወጉ ለማላውቀው ነጋዴ ለእሸቴ፣ አፌን ሞልቼ ለአባቴ ብዬዋለሁ። በቃ ወፍራሟን ይውሰዱላቸዋ፣ ይቺኛዋ የጎረምሳ ናት፣ መንገድ ለመንገድ እየጨፈሩ መሄጃ፣ ለፋዘር አትሆንም፣ ስትነኳት ነው የምትበጠስ አለኝ። ሽማግሌ ናቸው፣ ምን ያደርጉታል፣ ብዬ ቀላሉን ያዝኩ። ምን ያደርጉታል። ይኸው የሚያደርጉትን ቁጭ ብዬ እያየሁ ነው።

ገና እንደመጣ የግራው ጆሮ ድምፁ ጠፋ። ከዚያ ዘንጉ መሀሉ ላይ ተሰነጠቀ፣ አቦይ ከጋቢያቸው ጫፍ ክር መዘው አሰሩት። ከዚያ ስፖንጁ ወለቀ፣ ምንትዋብ በመርፌ ጠለፈችው፣ ባለቤቴ እጇ ለዚህ ለዚህ ጎበዝ ነው፣ መሰኪያው ሥር ሽቦው ሲላጥ ደግሞ የቁስል ፕላስተር አምጥታ ጠቀለለችው፣ በሽተኛ መስሏል አለችና ሳቀች። ድምፁስ፣ አንድ ቀን ሞክሬዋለሁ፣ ጣሳ ውስጥ የገባ ሰው ነው የሚያወራው፣ ወፈር ያለ ድምፅ የሚባል የለው፣ ከፍ ሲደረግ ይንኮሻኮሻል፣ ዝቅ ሲደረግ ይጠፋል። ደህና ይሰማል ወይ አቦይ ስላቸው፣ ንግሥቷ የሞተችበት ቀፎ ነው የሚመስለው አሉኝ፣ ግን ሰው ይናገራል፣ ይለያል፣ ለኔ ይበቃል።

ቀፎ ያውቃሉ እንግዲህ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ንብ ነው ያረቡት፣ ልጅ ሆኜ ወደ ማምሻው ከቀፎ ቀፎ እየተከተልኳቸው ሲዞሩ፣ ጆሯቸውን ጭቃው ላይ ለጥፈው ትንሽ ይቆዩና፣ ይሄኛው ነገ ይወጣል ይሉ ነበር፣ ይወጣል፣ ይሄኛው ርቦታል፣ ርቦታል፣ በጭቃና በእበት በተለቀለቀ ግድግዳ በኩል የንብ ረኃብ የሚሰማ ጆሮ ነው። እና ጸጋይ፣ አንተ የተማርከው፣ እንዲህ ያለ ጆሮ በጣት ውፍረት ስፖንጅ ይደፈናል ብለህ ነው? ዝም በል። አልልም። ዝም በል ብያለሁ።

ማዳመጫውን የገዛሁት ለሳቸው ብዬ ነው ለማለት እንኳ አፍ የለኝም፣ ለራሴ ነው፣ ፈርቼ። ቤታችን መንገዱ ዳር ነው፣ ግድግዳው ጭቃ፣ በመስኮቱ ሥር የሚያልፍ ሰው ሲያስነጥስ ይማርህ የምንል ነን፣ እሳቸው ደግሞ የሚፈልጉት ያንን ጣቢያ ነው፣ ከወዲያ በኩል የሚመጣውን፣ በመሥሪያ ቤቴ ቋንቋ የወንበዴ ሬዲዮ የሚባለውን። ፖለቲካ ብለው አይደለም፣ ፖለቲካ ምናቸው ነው፣ እህቴ መብራት እዚያ ናት፣ መንገድ ከተዘጋ ወዲህ ወረቀትም ሰውም ከሷ አልመጣም፣ ጣቢያው ላይ የአገር ስም ሲጠራ የኛ ቀዬ አብሮ ይጠራ እንደሆነ ነው የሚጠብቁት። ይተውት አቦይ ብላቸው አይተዉትም፣ ሬዲዮዋን ብደብቃት ያስታውቅብኛል፣ እና በጆሮዎ ብቻ ይስሙ፣ ከእርስዎ ጆሮ አይውጣ፣ ብዬ ሰካሁላቸው፣ ደስ አላቸው፣ መረቁኝ። መረቁኝ እኮ።

የኔ ስሕተት ከየት እንደመጣ ይገባኛል፣ ሥራዬ ነው ያሳሳተኝ፣ ቦሌ መንገድ ላይ ባለው መሥሪያ ቤት የስብሰባ ቴፕ እየሰማሁ ወደ ጽሑፍ እገለብጣለሁ፣ እዚያ ያለኝ ማዳመጫ የጀርመን ሥራ ነው፣ ከባድ፣ በቆዳ የተለበደ፣ እሱን ጆሮዬ ላይ ሳደርግ ዓለም ይዘጋል፣ አለቃዬ ትከሻዬን ካልነካኝ ከኋላዬ ቆሞ ቢጮህ አልሰማም፣ ስንቴ ሳቁብኝ። ስለዚህ ማዳመጫ ያደረገ ሰው አይሰማም፣ ይሄ በውስጤ ተጽፎ የቀረ ሕግ ነው፣ ርካሹም ውዱም አንድ መስሎኝ። አንድ መስሎኝ ነው? ወይስ በዚያች ደቂቃ አንድ እንዲሆን ፈልጌ?

ያለፈው እሑድ። ደጃፉ ላይ ሸሚዝ እያጠብኩ ነው፣ ምንትዋብ ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች፣ ጎረቤታችን እትዬ ዘርፌም የለችም፣ ልጇን ልታርስ ደብረ ብርሃን የሄደችው አቦይ ከመምጣታቸው በፊት ነው፣ ደግነቱ አልኩ ያኔ፣ ደግነቱ። ካሳዬ ከወዲያ ጫፍ ጀምሮ ለስብሰባ በር በር እየመታ ይመጣል፣ የቀበሌያችን አብዮት ጠባቂ፣ ጠመንጃውን እንደ መጥረጊያ ብብቱ ሥር ይዞ፣ በዚህ መሀል ነው ከቤት ውስጥ ድምፅ የወጣው፣ ወፍራም የወንድ ድምፅ፣ በትግርኛ፣ ጥርት ብሎ፣ መንገዱን ሞልቶ። መጀመሪያ ከየት እንደሆነ አልገባኝም። ከኛ ቤት ነው። ስገባ አቦይ ዱካቸው ላይ ናቸው፣ መሰኪያው ከሬዲዮዋ ወልቆ ጭናቸው ላይ ተጋድሟል፣ ድምፁ በሬዲዮዋ አፍ ነው የሚወጣው፣ ስፖንጁ ጆሯቸው ላይ፣ ፊታቸው በርቶ፣ ዛሬስ ጠርቶ ይሰማል አሉኝ።

ዛሬስ ጠርቶ ይሰማል። ይቺን ቃል ሳምንት ሙሉ ዘልያት ነበር፣ አሁን ነው የመጣችብኝ። በስፖንጁ በኩል ሬዲዮዋ ጠርታ ከተሰማቻቸው…

ተወው። ዘለልኩና ሬዲዮዋን ዘጋሁ፣ ሽቦውን ይዤ መነጨቅኩት፣ ለምን እንደመነጨቅኩት እንኳ አላውቅም፣ ዞር ስል ካሳዬ በሩ ላይ ጎንበስ ብሎ ቆሟል። ምንድነው እሱ ጓድ ጸጋይ። ሬዲዮ ነው። ትግርኛ ነው አይደል። የመንግሥትም ጣቢያ ትግርኛ አለው አልኩት። አቦይን አያቸው፣ ከእግር እስከ ራሳቸው፣ ከዚያ እኔን አየኝ። አባትህ ናቸው?

በመሥሪያ ቤት ቢሆን በቃለ ጉባኤ እንዲህ ይጻፍ ነበር፣ ጥያቄ፣ አባትህ ናቸው? ጓድ ጸጋይ፣ አይደሉም። የአገር ሰው ናቸው፣ ለዓይናቸው መጥተው አሳርፈናቸው ነው፣ ዘመድ እንኳ አይደሉም። ሰረዝ የለው፣ ስርዝ ድልዝ የለው። ማን ይባላሉ አለኝ። ይሄኔ ነው የተያዝኩት፣ እኔ ማን እባላለሁ፣ ጸጋይ ገብረትንሣኤ፣ ካሳዬ በየስብሰባው የሚሰማው ይሄንኑ ነው፣ ጓድ ጸጋይ ገብረትንሣኤ ሲባል አቤት የምለው እኔ ነኝ፣ የአባቴ ስም ከኋላዬ እንደ ጥላ ተከትሎኝ ነው የሚዞረው፣ እኒህ ሰውዬ ገብረትንሣኤ ናቸው ብል ውሸቴ አንድ እርምጃ አትሄድም። ስብሓት አልኩ። ከየት እንዳመጣሁት እንጃ። ስብሓት ይባላሉ፣ ደግሞም ትንሽ ይዘባርቃሉ፣ የሚነኩትን አያውቁም። ሰው አንዴ ከሸጠ ምራቂ መጨመሩ ይሄ ነው።

ካሳዬ ሳቀ። እኔ ደግሞ አፍንጫችሁ አንድ ሆኖብኝ አባትህ መስለውኝ ነበር አለ፣ ለማንኛውም አነካኩን አሳያቸው፣ የኔም አባት እንዲሁ ናቸው፣ ያገኙትን ሲጠመዝዙ ነው የሚውሉት፣ ስብሰባው እንዳይረፍድብህ። ሄደ። ይኸው ነው። የኔም አባት አለ። አባቴ ናቸው ብለው ምን ሊሆን ነበር፣ የኔም አባት ሊለኝ ነበር፣ ሁለት ልጆች ስለ አባቶቻችን ስቀን ልንለያይ ነበር። ወይም ላይሆን ይችላል፣ ላይሆን ይችል ነበር እኮ፣ ሰው በትንሹ የገባበትን ስንቱን አይተናል፣ ፍርሃቴ ከመሬት አልበቀለም፣ ግን ፍርሃቴን ማን ጠየቀኝ፣ የተጠየቅሁት አባትህ ናቸው ወይ ነው።

ካሳዬ ከሄደ በኋላ አቦይ አልቋል እንዴ ዝግጅቱ አሉኝ። በዚህች ቃል ነው ሳምንቱን የኖርኩት። የሰማ ሰው አልቋል እንዴ ይላል? ቀና ብሎ፣ በደህና ድምፅ? ተበላሽታ ነው፣ ይቆዩ ልሰካው፣ ብዬ መሰኪያውን መለስኩ፣ ዳግመኛ እንዳይወልቅ በፕላስተር ከሬዲዮዋ ጋር አጣበቅኩት፣ ይሰማል? ይሰማል፣ አሉ፣ ይሰማል፣ ተመስገን።

ከዚያ ወዲህማ ከጆሯቸው አይለዩትም፣ ጠዋት ከተነሱ እስኪተኙ፣ አንዳንዴ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ አንዳንዴ እጃቸውን አገጫቸው ላይ ያደርጋሉ፣ እኔም ልቤ ሞላ፣ እንዲህ የሚሰሙ ከሆነ ያኔም ጆሯቸው እዚያው ነበር ማለት ነው፣ እያልኩ። ልቤ ስለሞላም ፊታቸው ማውራት ጀመርኩ። ሐሙስ ዕለት ምንትዋብን፣ እዚህች ክፍል ውስጥ፣ እንዲህ ከሳቸው ክንድ በማይርቅ ቦታ፣ ሕክምናው ይቆይ፣ ሰው ፈልገን ወደ አገራቸው እንሸኛቸው፣ አንድ ቀን ያስበሉናል አልኳት። በአማርኛ ነው ያልኩት፣ አማርኛ ይሰማሉ፣ ማር ይዘው ስንት ገበያ የዞሩ ሰው ናቸው። አባትህን? አለችኝ ምንትዋብ፣ ቀስ በል እንጂ፣ ይሰማሉ። ማዳመጫ አድርገው የለ እንዴ አልኳት። እሷ ስለ እሑዱ አታውቅም፣ ስብሓት የሚባለውን ስም ለሷም ለማንም አልተናገርኩም፣ እሱ ስም በዚህ ምድር ላይ በኔና በካሳዬ መሀል ነው ያለው።

አውሮፕላን መጣ። እዚህ ሰፈር አውሮፕላን ሲያልፍ ወሬ ይቆማል፣ ሰው አፉን እንደከፈተ ይጠብቃል፣ ሲያልፍ ካቆመበት ይቀጥላል፣ ማንም አያስተውለው፣ ምንትዋብ እንደ ጸሎት መሀል አሜን ነው ትላለች። ባለፈው እሑድ አንድ አውሮፕላን ቢመጣ ኖሮ። አባትህ ናቸው ካለኝ በኋላ፣ አይደሉም ከማለቴ በፊት፣ አንድ አውሮፕላን፣ ግርር ብሎ ቤቱን ቢያንቀጠቅጠው፣ እስኪያልፍ እጠብቅ ነበር፣ እስኪያልፍ አስብ ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ ምን ያደርጋል።

አንገታቸው ቀና አለ። ምነው፣ አውሮፕላኑ እኮ አልፏል፣ ምን ሰሙ? ከውጭ እግር ይመጣል፣ የሴት እግር፣ ነጠላ ጫማ፣ እኔ አሁን ገና ነው የሰማሁት።

ቤቶች፣ ትላለች እትዬ ዘርፌ፣ እንዲያው እንደምን ከረማችሁ፣ በትልቅ ኩባያ እርጎ ይዛ፣ ትናንት ማታ ነው የገባሁት፣ ልጄ ወንድ ተገላገለች። እንኳን ማርያም ማረቻት እላለሁ፣ ተነስቼ ኩባያውን እቀበላለሁ፣ ዓይኗ አቦይ ላይ ነው። አቦይ በቀስታ አንዱን ስፖንጅ ከጆሯቸው ያነሳሉ። እንግዳ አላችሁ እንዴ፣ ትላለች፣ እንዴት ነዎት አባባ፣ ጤናዎ፣ ከዚያ ወደኔ ዞር ብላ ወደሳቸው ተመልሳ፣ አባቱ ነዎት?

አሁን። ይኸው ተሰጠህ፣ ጸጋይ፣ ሰው እድሉን ሁለት ጊዜ አያገኝም፣ አዎ አባቴ ናቸው በል፣ አፍህን ክፈት፣ ግን ካሳዬ ይሰማል፣ እትዬ ዘርፌ አፏ አያርፍም፣ ነገ በቧንቧው ተራ ታወራዋለች፣ የጸጋይ አባት መጥተዋል ትላለች፣ ታዲያ ስብሓት የሚባሉት ሰውዬ የታሉ ይባላል፣ አፌን ከፍቻለሁ፣ ተከፍቷል።

አይደለሁም፣ ይላሉ አቦይ።

የአገሩ ሰው ነኝ፣ ይላሉ፣ በዚያ በገበያ አማርኛቸው፣ ቃል በቃል እየረገጡ፣ ለዓይኔ መጥቼ አሳርፎኝ ነው፣ ዘመድ እንኳ አይደለሁም። ስምዎን ማን ልበል አባባ፣ ትላለች። ስብሓት፣ ይላሉ።

ስብሓት ይላሉ። ድምፃቸው አይንቀጠቀጥም፣ ወደኔ አይዞሩም፣ ስብሓት፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ በሱ ሲጠሩ እንደኖሩ፣ ወለሉ ላይ ምን አለ፣ አንድ ቁልፍ ወድቋል፣ የሸሚዝ ቁልፍ፣ እሱን ነው የማየው፣ ጆሮዬ ይነዳል፣ ግንባሬ ይነዳል፣ ሰምተዋል፣ ሁሉን ሰምተዋል፣ ዘመድ እንኳ የምትለዋ ሳትቀር፣ እንኳ እኮ የኔ ናት፣ ከኔ አፍ የወጣች ናት፣ አንዷም ሳትወድቅባቸው ሳምንት ይዘዋት ከርመው ይኸው መለሷት። ይዘባርቃሉ ያልኩትንስ? እሱንም። አልቋል እንዴ ዝግጅቱ ያሉኝ ለኔ ብለው ነው፣ እንዳላፍር። ላፍር ይገባኝ ነበር፣ ያኔውኑ ልፈር፣ በዕዳ ይዘው ከሚያኖሩኝ።

እትዬ ዘርፌ ደረቷን ትደቃለች፣ አየህ ጸጋይ፣ ትላለች፣ በዚህ ዘመን ዘመድ ያልሆነን ሰው ማን ያስጠጋል፣ የገዛ አባቱንስ ማን ያስጠጋል፣ እግዜር ይክፈልህ፣ ደግ ልጅ ነው አይደል አባባ? ደግ ነው፣ ይላሉ አቦይ፣ ያሳደጉትን አላውቃቸውም እንጂ ይባረኩ። ከአፋቸው ጥግ አንድ ነገር ብልጭ ይላል፣ ሳቅ ይሁን ቁጣ አላውቅም፣ ቁጣ ቢሆን በወደድኩ።

ይምጡ ፀሐይዋ ላይ እርጎውን ልስጥዎ፣ ብላ ክንዳቸውን ይዛ ታወጣቸዋለች፣ ማዳመጫውን ከአንገታቸው አውልቀው ከሬዲዮዋ ጋር ዱካው ላይ ያኖሩታል፣ ቀስ ብለው፣ እንደ ዕንቁላል። በሩ ክፍት ነው፣ ደረጃዋ ላይ ሲቀመጡ ጀርባቸው ይታየኛል።

ዱካውን አያለሁ። ሬዲዮዋ በርታለች፣ ትንሿ ቀይ መብራት አለች። እነሳለሁ፣ ማዳመጫውን አነሳለሁ፣ ስፖንጁ ገና ይሞቃል፣ የሳቸው ጆሮ ሙቀት ነው፣ ራሴ ላይ አደርገዋለሁ፣ ክሩ ፀጉሬን ይይዛል። ምንም የለም። ድምፁን ከፍ አደርጋለሁ፣ ምንም፣ እስከ መጨረሻው፣ ምንም፣ የግራው ቀድሞውንም ሞቷል፣ የቀኙ ግን፣ የቀኙ ይሠራ ነበር፣ ጣሳው ውስጥ ያለው ሰውዬ የት ሄደ? ውጭ እትዬ ዘርፌ ስለ አራስ ልጇ ስታወራ ግን ይሰማኛል፣ እያንዳንዷ ቃል፣ ሕፃኑ የሚያመሽበት ሰዓት ሳይቀር፣ ስፖንጁን ሁለት እጄን ጭኜ እጫነዋለሁ፣ አሁንም ይሰማኛል።

ፕላስተሩን ገለጥ አደርጋለሁ። ሽቦው ተበጥሷል። የመነጨቅኩበት ቦታ ነው፣ መዳቡ እንደ ፂም ተበታትኖ፣ የምንትዋብ ፕላስተር ብቻ ነው እንደ ደህና አስመስሎ የያዘው። ስለዚህ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ፣ ይሰማል ተመስገን ካሉኝ ጀምሮ፣ ራሳቸውን ሲነቀንቁ፣ አገጫቸውን ሲይዙ፣ ሳምንቱን በሙሉ፣ ዝምታ ነው ሲሰሙ የከረሙት፣ ዝምታና እኛን፣ ሰው ፈልገን እንሸኛቸው የሚለውን፣ ያስበሉናል የሚለውን። የመብራትንም ወሬ ያቺን ያህል ሲጠብቁ አንድ ቀን እንኳ ተበላሽቷል ይጠገን አላሉኝም፣ ይጠገን ካሉ አለመሥራቱ ይታወቃላ፣ ካልሠራ ደግሞ መስማታቸው ይታወቃላ፣ የልጃቸውን የመብራትን ወሬ ትተው የልጃቸውን የኔን ፊት ጠበቁ። ለርካሽ ዕቃ ርካሽ ልጅ። ወፍራሙን ብገዛ ኖሮ አይሰሙም ነበር፣ ይሄን አስቤ ደግሞ በዚህም አፍራለሁ፣ አሁንም ማዳመጫውን ነው የምከሰው።

ከዘራው ደረጃዋን ይነካል፣ እየተመለሱ ነው፣ ፕላስተሩን ቶሎ እመልሳለሁ፣ ድምፁን እመልሳለሁ፣ እንደነበረ እንደ ዕንቁላል አኖረዋለሁ፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ጋዜጣዬን ይዤ ተቀምጫለሁ፣ ስንዴ፣ የስንዴ ምርት። ይገባሉ፣ በእጃቸው ዱካውን ዳሰው ይቀመጣሉ፣ ሬዲዮዋን ጭናቸው ላይ ያደርጋሉ፣ ስፖንጁን ጆሯቸው ላይ፣ የቀኙን አስተካክለው፣ ከዚያ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ የሚናገር እንዳለ። ለኔ ነው የሚነቀንቁት። በክፍቱ በር እትዬ ዘርፌ ደጃፏ ላይ ሰፌድ ይዛ ምስር ትለቅማለች።

ወደ አገራቸው ከሄዱስ፣ እንዲሁ ስብሓት ሆነው፣ እንዲሁ ሳልጠራቸው፣ መንገዱም ተዘግቶ፣ ዓይናቸውም ጠፍቶ፣ ከዚያ በኋላ አቦይ ብል ማን ይሰማኛል።

አውሮፕላን ይመጣል፣ መስኮቱ ይንቀጠቀጣል፣ የዘርፌ እጅ ምስሩ ላይ ይቆማል፣ እኔ በጩኸቱ ውስጥ አቦይ እላለሁ፣ የከንፈሬ መንቀሳቀስ ብቻ ነው የተሰማኝ፣ ፈሪ፣ አሁንም በአውሮፕላን ሥር ተደብቀህ። እጠብቃለሁ። ያልፋል፣ ይርቃል፣ ወደ ኮተቤ በኩል ይጠፋል፣ ሰፈሩ ሁሉ ዝም ይላል፣ ሰው ካቆመበት ሳይቀጥል ያለችው ያቺ ዝምታ፣ ጋዜጣውን አስቀምጣለሁ፣ እነሳለሁ።

አቦይ።

ጮክ ብዬ ነው፣ በሩ ክፍት ነው፣ የዘርፌ ሰፌድ ቆሟል፣ ቀና ብላለች፣ ትስማ፣ ካሳዬም ይስማ፣ አቦይ፣ እላለሁ ደግሜ።

አቦይ በቀስታ የቀኙን ስፖንጅ ያነሳሉ። ነጭ ዓይናቸውን መጀመሪያ ወደ በሩ ይመልሳሉ፣ ዘርፌ ወዳለችበት፣ ከዚያ ወደኔ። እጃቸው አየር ላይ ትቆያለች፣ ጉልበቴን ትፈልጋለች፣ ታገኘዋለች፣ መታ መታ ታደርገኛለች፣ ቀፎ ላይ እንደሚያደርጉት፣ በመዳፋቸው። ተሳስተህ ነው፣ ይሉኛል በአማርኛ፣ ለደጁም እንዲሰማ አድርገው፣ ስብሓት ነው ስሜ፣ ልጄ።

ልጄ ሽማግሌ ለማንም የሚለው ነው። ስፖንጁን ወደ ጆሯቸው ይመልሳሉ፣ የሬዲዮዋንም ድምፅ ትንሽ ከፍ ያደርጋሉ።